ቅቤ የጠጣ ሰይፍ

ሰይፎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ሁሉም ከዋንዛ፣ ሁሉም በዚህ እጄ የተጠረቡ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው አንባቢ ሌላ ሰው እንዳይጠረጥር ብዬ ነው። ሰው ባልሠራው ሲጠረጠር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ያየሁትም ዝም ብዬ ነው።

ወገዳ ውስጥ አናጢ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ከአልጋው የሬሳ ሣጥኑ በልጧል። ከሥራ ቤቴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ። አብሮ አደጌ ነው፤ ፊደል የቆጠርነው አንድ የኔታ ዘንድ፣ የተገረፍነውም በአንድ አለንጋ ነው። እሱ ቀልደኛ ነው። እኔ ነገር ቶሎ የሚቆጠቁጠኝ፣ ሥራዬን ሰው ሲነካብኝ የማልወድ ሰው ነኝ። ከተማው ይህን ጠባዬን እንደ ሙያ ቆጥሮልኝ «እጁ አይታማም» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜው ኖርኩ።

ከባሕር ዳር ውሹ የሚባለውን የቻይና የፍልሚያ ስፖርት ተምሮ የተመለሰ አንድ የአገራችን ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ስልጠና ጀመረ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ግን ሁላችንም «ማስተር» ነበር የምንለው። የተመዘገቡት መምህራን፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ባለሱቆችና ጥቂት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች ነበሩ። እኔና ልብስ ሰፊው የገባነው ሆዳችን ገፋ ተባብለን ነው። «ሱሪህን ከዚህ በላይ ላሰፋልህ አልችልም፤ ጨርቁ አልቋል» ብሎ እየጎተተ የወሰደኝ እሱ ነው። ስንቴ ይህን አስቤዋለሁ። የወሰደኝ እሱ ነው።

ጊዜው የሚታወቅ ነው። በየጋራው ተኩስ በሚሰማበት ሰሞን የእንጨት ሰይፍ ይዞ ሜዳ መውጣት ለወሬ ይመቻል። ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሌዎች ቆመው ያዩንና «እናንተ ልጆች፣ ክላሹን በዋንዛ ልትመክቱልን ነው?» እያሉ ይስቁብን ነበር። ማስተር አይቆጣም። እኛን ሰብስቦ «እኔ የማስተምራችሁ መምታት አይደለም፤ መምታትማ ይኸው አገሩ ሁሉ ተምሮታል። እጃችሁን ሰው ጋ ሳይደርስ ማቆም ነው የማስተምራችሁ» ይለን ነበር። ያን ጊዜ ያበዛዋል እል ነበር።

ሰይፎቹን ሲያዘኝ ምን እንደሚፈልግ አንድ በአንድ ነገረኝ። ብረት አይሆንም። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ወይራ አጥንት ይሰብራል። ቀላል እንጨት፣ ስለት የሌለው፣ ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ላስቲክ የለበሰ እንዲሆን ነው። ዋንዛ መረጥኩ። በመጥረቢያ ፈልጬ፣ በመላጊያ ልጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩት። ላስቲኩን ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ውስጥ አውጥቼ ሦስት ድርብ ቆረጥኩና ጫፉ ላይ በማስቲሽ አጣበቅሁት። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከአሮጌ የድንኳን ሸራ እንደ እጅጌ ያለ ልባስ ሰፍቶ፣ ውስጡን ጥጥ ጠቅጥቆ ለእያንዳንዱ ሰይፍ ከጫፉ ላስቲክ በታች አለበሰው። ሲጨርስ ላስቲኩን በጣቱ እያሻሸ «ይኼንንስ ከሸራው ጋር ልስፋው?» አለኝ።

«የአናጢ ሥራ በመርፌ አይያዝም። ሱሪህን ስፋ» አልኩት። ሳቅን።

ማስተር ሰይፎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ እየወጋ፣ ላስቲኩን እየጎተተ ፈተሻቸው። ደስ አለው። ከዚያ እጄን ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ነገር ብቻ። ቫርኒሽም ይሁን ዘይት፣ ምንም ቅባት እንዳታስነካቸው። ማስቲሽ ቅባት ላይ አይዝም።» እሺ አልኩት። የሰማሁት ግን በግማሽ ጆሮዬ ነው። ከተማ ውሎ የመጣ ልጅ ስለ እንጨት ምን ይነግረኛል?

እዚህ ላይ ስለ ዱላ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ዱላ ተቆርጦ ብቻ ዱላ አይሆንም። በእሳት ተለብልቦ ይቃናል፤ ቅቤ ይጠጣል፤ ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። በየበጋው ደግሞ ደረቀ ተብሎ እንደገና ቅቤ ይጠጣል። አባቴ በአርብ ገበያ መንገድ ሙሉ ቀን ሄዶ ሲመጣ ለእግሩ ያላሰበውን ቅቤ ለዱላው ያስብ ነበር። እናቴ ለወጥ የሚሆን ቅቤ ለእንጨት ሲሄድ እያየች ታጉረመርማለች፤ እሱ አይሰማትም። ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ሲያሸው ፊቱ ላይ የሚታየውን ርኅራኄ እኔ አግኝቼው አላውቅም። ሲሞት ዱላው ለእኔ ደረሰኝ፤ በር ጀርባ ይቆማል። እኔም ጥር በመጣ ቁጥር አሸዋለሁ።

ሰይፎቹ በተሠሩ በጥቂት ወራቸው ጥር ገባ። የሦስቱ ላስቲክ ላላ ተብሎ ወደ እኔ ተመለሱ። ሸራውን ባወልቀው እንጨቱ ገርጥቷል፣ አመድ መስሏል፣ አንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየኝ። ደሜ ፈላ። እኔ የሠራሁት ነገር ዓይኔ እያየ ሲደርቅ! ማስተር ያለኝ ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። «ጫፉን ካልነካሁት ምን ይሆናል» አልኩ። ግን የዱላ ቅቤ ጫፍና ገላ ብሎ አይመርጥም፤ መዳፌም እንደ አባቴ መዳፍ ከላይ እስከ ታች ነው የሄደው። ሦስቱን ቅቤ አጠጥቼ ለሳምንት ጢስ ላይ ሰቀልኳቸው። ሲወርዱ ቡናማ ሆነው፣ አብርተው፣ ሰይፍ መስለው ነበር። ጫፋቸውን በጨርቅ አድርቄ ጠረግሁ፤ ማስቲሽ ቀባሁ፤ አዲስ ላስቲክ አለበስኳቸው። በጠዋት ብርድ ጎትቼ ሞከርኩ፤ አልነቃነቅ አለ። ሸራቸውን መልሼ ሜዳ ወሰድኳቸው። እንደዚያ ቀን በሥራዬ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ከሠልጣኞቹ አንዱ ከእስቴ መጥቶ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ነበር። ሲቆጣ የሚጮህ፣ ከደቂቃ በኋላ የሚስቅ፣ ቂም የማያውቅ ልጅ ነው። አደጋው ከደረሰባት ቅዳሜ በፊት በነበረው ሳምንት በረንዳችን መጥቶ ያሰፋውን ሱሪ ለካ። አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ተገኘ። «ዓይንህ ይፍሰስ! ይኼን ለሰው ነው የሰፋኸው ወይስ ለአንካሳ?» ብሎ ጮኸ። ልብስ ሰፊው «ጥፋቱ የእግርህ ነው፤ እግርህን ወስደህ አስተካክል» አለው። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም መጋዜን አስቀምጬ ሳቅኩ። ሱሪው በዚያው ቀን ተስተካክሎ ሁለቱ ሻይ ተገባበዙ። ዓይንህ ይፍሰስ ማለት በእኛ ገበያ እንደምን አደርክ ከማለት ብዙም አይርቅም።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ወጣን። የማስተር ደንብ ነበር፤ ስልጠና ሳይጀመር እያንዳንዱ ሰው የባላንጣውን ሰይፍ ላስቲክ ይጎትታል። ልብስ ሰፊው የመምህሩን ሰይፍ፣ ቅቤ ካጠጣኋቸው ከሦስቱ የአንዱን ጫፍ ጎተተ፤ ደህና ነበር። ብርድ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። እንጨቱ የጠጣው ቅቤ ረግቶ ተኝቷል።

አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር፤ የረጋ ቅቤ ሁሉ የሚቀልጥበት ሰዓት ነው። መምህሩና ልብስ ሰፊው ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሰይፍ ለሰይፍ ተማቱ። አንድ ጥቁር ነገር ተወርውሮ ሣሩ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ አፌን ለመክፈት ግን አልደረስኩም። መምህሩ እንደ ደንቡ ወደ ደረት ወጋ። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ሊያታልለው እየሳቀ ጎንበስ አለ፤ ደረቱ በነበረበት ቦታ ፊቱ መጣ። ላስቲኩ ቢኖር ጉንጩ ያብጥ ነበር እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም ነበር።

ስለ ግራ ዓይኑ ብዙ አልጽፍም። ጤና ጣቢያው አጥቦና ሸፍኖ በአስቸኳይ ደብረ ታቦር ውሰዱት አለ። መንገዱ ዝግ ነበር። ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ በዚያ ሰሞን የሚረባ ጥያቄ አልነበረም። ሦስት ቀን ቤቱ ተኝቶ ጠበል እየተረጨ፣ እኔ ራስጌው ተቀምጬ፣ መምህሩ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ቆየን። በአራተኛው ቀን መኪና ተገኘ። ሐኪሙ አይቶ «ቢፈጥን ኖሮ» አለ፤ የቀረውን አልጨረሰውም።

ማስተር በዚያው ቅዳሜ ላስቲኩን ከሣር ውስጥ ፈልጎ አግኝቶት ነበር። መዳፉ ላይ ገልብጦ አየውና «ማስቲሽ ቀብተኸዋል?» አለኝ። «ቀብቼዋለሁ» አልኩት። እውነት ነው። ሰይፉን ግን ሰው ሳያስበው ቤቴ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለቱንም ወንድሞቹን አስከትዬ። ቅቤ ስለጠጡ እንደ ጧፍ ነደዱ። ሚስቴ «ምነው?» ስትለኝ «ማየት አልቻልሁም» አልኳት። ሁሉም ሰው ሐዘን ነው ብሎ አመነኝ። ስለ እጄ ማንም ክፉ አያስብም ነበር፤ እጄ አይታማም።

የታማው የመምህሩ አፍ ነው። «ዓይንህ ይፍሰስ ብሎት አልነበር?» የሚል ወሬ ከወፍጮ ቤት ተነሥቶ በሁለት ቀን አርብ ገበያ ደረሰ። ከሳምንት በፊት የሳቁ ሰዎች እንዳልሳቁ ሆኑ። ቂም ይዞ ነው፣ ቀን ቆጥሮ ነው፣ ላስቲኩን ራሱ አውልቆ ነው ተባለ። ከልብስ ሰፊው ዘመዶች ጋር ደም መቃባት እንዳይመጣ ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ።

ለምስክርነት ተጠራሁ። ጋቢያቸውን የተከናነቡት የሽማግሌዎቹ ዋና «አንተ እውነተኛ ሰው ነህ። ሱሪውን ሲለካ ዓይንህ ይፍሰስ ብሎታል ወይስ አላለውም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ብሎታል፣ አባቴ» አልኩ።

«ተቆጥቶ ነበር?»

«ጮኋል።»

«በቃ፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። የተጠየቅሁትን መልሻለሁ፤ አንድ ቃል አልዋሸሁም። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። ሱሪውን የለካ ዕለት መሳቄን እያስታወሰ እንደነበር አውቃለሁ። «ስቀንም ነበር በላቸው» የሚል ዓይን ነበር። ጫማዬን አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በልብስ ሰፊው እግር ላይ እንዲወድቅና በቂም እንዳደረገው አምኖ ይቅርታ እንዲለምን ፈረዱ። ድንጋዩን ተሸከመ፤ ወደቀም። «ለደረሰበት ሁሉ እድሜ ልኬን እወድቃለሁ። በቂም ነው ግን አልልም፤ አላደረግሁትማ!» አለ። ልብስ ሰፊው ዓይኑ ታስሮ ተቀምጦ ነበር፤ «እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ። ዘመዶቹ ግን አልተቀበሉም፤ ሽማግሌዎቹም ያላመነ ሰው እርቅ የለውም ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ተነሥቶ ይወጣ ጀመር። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ዓይን ይሥሉለት ነበር። በየካቲት መጨረሻ ወደ እስቴ ሄደ ተባለ፤ ከዚያም ከእናቱ ቤት ወጥቶ የገባበት ጠፋ። ማስተርም ሜዳውን ተወው።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ አዲስ ሥራ ተጨመረልኝ፤ በየጠዋቱ ለልብስ ሰፊው መርፌ ማሰካካት፣ በየቀዳዳው ክር ማስገባት። በአንድ ዓይን ክሩና ቀዳዳው አይገጥሙለትም፤ ክሩ ሁልጊዜ አልፎ ይሄዳል። በረንዳውን ሳልጠርግ በፊት የመኪናውን መርፌ አሰካክቼ፣ የእጁን መርፌዎች ደግሞ በየቀለሙ አሰካክቼ መርፌ መውጊያው ትራስ ላይ እደረድርለታለሁ። ሰው አይቶ «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ የአባቴን ዱላ አሽቼ ነበር። እጄን ታጥቤያለሁ፤ ግን ቅቤ በአንድ ውኃ አይለቅም። መርፌውን ስይዝ አዳለጠኝ። ክሩን ሳሰካካ ልብስ ሰፊው እጄን ያዘና ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ያን ዕለትም ይኸው ነበር የሸተተኝ» አለ።

እጄን ልስብ ሞከርኩ፤ አልለቀቀኝም።

«ደም አይደለም መጀመሪያ የሸተተኝ። ቅቤ ነው። ጢስ የገባው ቅቤ። የአባትህ ዱላ መስሎኝ፣ አበድሁ ወይ ብዬ ነበር።»

«ካወቅህ ለምን አልተናገርህም?» አልኩት። እንዲህ ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«የተወጋሁት እኔ። የምናገረውም እኔ ልሁን?» እጄን መልሶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ስታሰካካልኝ ዛሬ ይነግረኛል፣ ዛሬ ይነግረኛል እያልሁ ነበር። ይኼን ያህል መርፌ ነው ያሰካካኸው።»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔ ድሮ ጨርሻለሁ። እስቴ ሂድ» አለና መኪናውን መርገጥ ጀመረ።

በማግስቱ ሄድኩ። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ። የመምህሩን እናት ቤት ያገኘሁት ከቀትር በኋላ ነው። እናትየው አውድማው ላይ ብቻቸውን የገብስ ገለባ ይሰበስቡ ነበር። ከወገዳ መምጣቴን ስነግራቸው መንሹ ከእጃቸው ወደቀ። «ተገኘ? አይታችሁታል?» አሉኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። መንገዱን ሁሉ ስለ ራሴ ሳስብ መጥቼ፣ ከወገዳ የመጣ ሰው ለእኚህ እናት ምን ማለት እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየኝም። «አልተገኘም፣ እማማ» አልኳቸው። ቀስ ብለው ገለባው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያም ነገርኳቸው። የዋንዛውን፣ የላስቲኩን፣ ማስተር ያለኝን፣ ጥርን፣ ቅቤውን፣ የጠዋቱን ብርድና የረፋዱን ፀሐይ። ከጽዱ ሥር የተጠየቅሁትንና ያልተጠየቅሁትን። ምድጃውንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እንዲረግሙኝ ጠበቅሁ፤ እርግማናቸውን ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

እሳቸው ግን አውድማው ጫፍ ወዳለው ድንጋይ አመለከቱ። «እዚያ ተቀምጦ ነበር» አሉ። «እማዬ፣ በጠባሁት ጡትሽ ይሁንብኝ፣ አስቤ አላደረግሁትም አለኝ። ሦስት ጊዜ። እኔ ምን አልሁት መሰለህ? አፍህ ነው ያመጣብህ፣ ያልኸው ነው የደረሰው፤ ተመለስና እመንላቸው አልሁት። አገር ሁሉ አንድ ነገር ሲል የእኔ ልጅ ብቻ እንዴት እውነት ይናገራል ብዬ። ቀና ብሎ አየኝ። በማግስቱ ስነሣ የለም።»

«እኔም አላመንሁትም» አሉ።

ነፋስ ገለባውን ያነሣው ጀመር፤ አልሰበሰቡትም። ፀሐይ ወደ ጋራው ስታዘነብል ልነሣ ስል እጅጌዬን ያዙኝ። «ቆይ። እንደገና ንገረኝ» አሉ። «ቀስ ብለህ። ቅቤውን ከቀባህበት ጀምር።»

ተመልሼ ተቀመጥኩና ከቅቤው ጀመርኩ።